በጠመኔ የተከበበ በር

ሰፈሩ «ሞተሩ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ስሙን ያወጣለት ሰውም አልተሳሳተም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሕንፃ ወለል ሲፈጭና ሲያለሰልስ የኖረ ሰው ነው። እብነ በረድ በለው፣ ቴራዞ በለው፣ የሆቴል ደረጃ፣ የባንክ አዳራሽ፣ እሱ ያልፈጨው ምን አለ! ጡረታ ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ እጁ ግን ጡረታ መውጣቱን እስካሁን አልሰማም። ደህና የሚሠራ ቧንቧ ይፈታና ግቢውን በውሃ ያጥለቀልቃል። ያልጮኸ የበር ማጠፊያ ዘይት ያጠጣል። ሚስቱ «አንተ ሰው፣ እባክህ አንዲት ብርጭቆ ሻይ እስክትጨርስ እንኳ ተቀመጥ» ስትለው «እሺ፣ እሺ» ይልና ቆሞ ይጨርሳል።

አንዲት ልጅ አለችው፤ የመሬት ቀያሽ ናት፣ ለብቻዋ ተከራይታ ትኖራለች። ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቷ ለአምስት ቀን ወደ መስክ ሲልካት መኪናዋን አባቷ ግቢ አምጥታ አቆመችና ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠች። ለእናቷ ሳይሆን ለእሱ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ተማሪ ሳለች ኮምፒውተሯን «አቧራውን ላራግፍልሽ» ብሎ ከፍቶ ዳግመኛ እንዳይበራ ካደረገው ወዲህ፣ ልጅቷ የእሷ የሆነ ነገር እጁ እንዲገባ ፈቅዳ አታውቅም።

«አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት አስነሳልኝ። ካሻህ እጠባት። ከዚያ ውጭ ግን እንዳትነካት፤ ቃል ግባልኝ።»

«ቃል ነው! ምን ሆነሻል፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለ፤ ቁልፉንም ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣ፣ ደግሞ ከተተ። በዚያው ቀን ሰፈር ውስጥ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ «ልጄ መኪናዋን ለእኔ ሰጥታ ሄደች» ሲል ዋለ።

ማክሰኞ አጠባት። ጥሩ አድርጎ ነው ያጠባት፤ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ግን ፀሐይ ወጣች። ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ላይ፣ ብርሃኑ ባረፈበት ሁሉ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ጭረት ታየው። መንገድ ዳር ያሉ አጣቢዎች አሸዋ በያዘ ጨርቅ ሲፈትጉት የኖሩት ነው። ዞር አለ፤ ተመልሶ አየው። ቤት ገባ፤ በመስኮት አየው። አልጋው ላይ ጋደም አለ፤ ጣሪያው ላይ አየው። ቃል የገባው እንዳይነካት ነው፣ ማሳመር ደግሞ መንካት አይባልም እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ፤ እንደተለመደው ራሱን ረታ።

የዕቃ መሸጫዋ ባለቤት መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጎልማሳ ሴት ነበረች። ሁለት የቀለም ማለስለሻ ማሽን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት።

«ይሄኛው ጋሼ፣ ባለበት ቀጥ ብሎ ይዞራል። ጉልበተኛ ነው፤ ጭረት ቶሎ ያነሳል። ግን ይሞቃል፣ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ቀለሙን ይበላል። ይሄኛው ደግሞ እየዞረ ወዲያ ወዲህም ይወዛወዛል። ቀስ ያለ ነው። ቢጫኑት መዞሩን ይተዋል እንጂ ቀለም አይበላም። ለቤት፣ ለጀማሪ ይሄ ነው የሚሻልዎት።»

«ለጀማሪ» የምትለዋ ቃል ሆዱ ገባች።

«እኔ ነኝ ጀማሪ? እህቴ፣ አሁን አንቺ የቆምሽበትን ወለል ማን እንደፈጨው ታውቂያለሽ?» አለ። እውነቱን ለመናገር ማን እንደፈጨው እሱም አያውቅም።

«እሱማ ድንጋይ ነው ጋሼ፤ ቢፈጩት ውፍረት አለው። የመኪና ቀለም ግን ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። ከገዙም አይጫኑት፣ ጠርዝ ላይ ቴፕ ይለጥፉ፣ ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም መያዝ ከጀመረ ደግሞ ወዲያው ያቁሙ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ። ሁለቱን በየእጁ ይዞ መዘናቸው። ቀላሉ መጫወቻ መሰለው፤ ከባዱ ግን እጁ ውስጥ ሲገባ የድሮ ማሽኑን የጨበጠ ያህል ክንዱ ተፍታታ። ከባዱን ይዞ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት መኪናዋን ወደ ጥላው አስጠግቶ በኋላው ኮፈን ጀመረ። መጀመሪያ ላይ እንኳ እንደ ሰው ነው የሠራው። መብራቶቹንና ጠርዞቹን በቴፕ ሸፈነ፣ ስፖንጁ ላይ አራት ጠብታ ቅባት አደረገ፣ የክንድ ያህል ቦታ ለይቶ እያለሰለሰ ሄደ። ጠርጎ ሲያየው የሸረሪት ድሩ የለም። የጎረቤት ጣሪያ፣ የልብስ መስጫው ገመድ፣ የራሱ አፍንጫ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየው። ደስ አለው፤ በእውነት ደስ አለው። «ነይ እይ!» ብሎ ሚስቱን ጠራት።

ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጣች። «አምሯል፤ አላበልህም። አሁን እዚሁ ላይ ተው» አለች። ወዲያው ደግሞ ፈጠን ብላ «በሮቹን በተለይ ተዋቸው። በር ምን ይሆናል?» ብላ ገባች።

በር ምን ይሆናል ማለት ምን ማለት ነው? የተለሰለሰ ኮፈን ካልተለሰለሰ በር ጋር ሊቆም ነው? እንዲያውም ከሾፌሩ በር ጀመረ። ቴፑ አልቆ ነበር፤ ሄዶ ለመግዛት ትዕግሥት ከየት ይምጣ? ፍጥነቱን ጨመረ። ከመያዣው በታች ያለው የበሩ ጉብታ ላይ አንድ ደረቅ ጭረት አልነሳ ሲለው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ ላይ ሲያደርግ የኖረውን አደረገ፤ ትከሻውን ጥሎ ተጫነው።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ ስፖንጁ ሰማያዊ ሆነ። ማሽኑን ሲያነሳ ጉብታው ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ቀለሙ ተልጦ ግራጫ ወጥቷል፤ ግራጫው መሐል ደግሞ ቢጫማ ነገር።

ክው አለ። «ቃል ነው» ያለው የገዛ ድምፁ ጆሮው ላይ ጮኸበት። ጨርቅ አምጥቶ ጠረገው፣ በምራቁ አራሰው፣ መኪናዋን አንዴ ዞራት፤ የተላጠው እንደተላጠ ነው። አርብ ትመጣለች፤ ከዚህ በኋላ እንኳን መኪና የጥፍር መቁረጫም አትሰጠውም። እንዲህ እያለ ጎንበስ ሲል ነው ቢጫውን ደህና አድርጎ ያየው። ብረት ቢጫ አይሆንም። ስቱኮ ነው፤ ጋራዦች የተጎዳ ብረት የሚሞሉበት ስቱኮ።

ልጁ መኪናዋን የገዛችው አዲስ ነው። አዲስ መኪና ስቱኮ ምን ይሠራለታል?

ወለል ሠሪ ከሥሩ ባዶ የሆነን ንጣፍ የሚያውቀው አንኳኩቶ ነው። ሞተሩ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ በሩን አንኳኳ። የኋላው በር እንደ ብረት ጠራ፤ ይሄኛው ግን እንደ ግድግዳ ድም አለ። ወደ ታች አንኳኳ፤ ድም። ወደ ፊት፤ ድም። እየሮጠ ገብቶ ከማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈውን ማግኔት ነቅሎ መጣ፤ በሩ ላይ ሲያስጠጋው የሚይዘው ብረት አጥቶ ሸርተት ብሎ መሬት ወደቀ። ከመሣሪያ ሣጥኑ ጠመኔ አወጣ። ድምፁ የሞተበትን ሁሉ እያንኳኳ፣ እያዳመጠ፣ ጠርዙን በጠመኔ ተከተለው። ክቡ ሰፋ። በሩን ወርዶ ከታች ያለው ብረት ላይ ደረሰ፣ ወጥቶ በሁለቱ በሮች መካከል ያለውን ምሰሶ ያዘ። መስመሩ ሲገጥም ሞተሩ ወደ ኋላ ተራመደ። በመስታወቱ ውስጥ የሾፌሩ መቀመጫ ይታያል። ክቡ የተሰመረው ልክ ልጁ የምትቀመጥበት ላይ ነው፤ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ።

ጠመኔውን የቤቱ መስኮት ሥር አስቀመጠ። ከሁለት ዓመት በፊት የመጨረሻውን ትልቅ ሥራ ሊሠራ ሌላ ከተማ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነበር። ሲመለስ ልጁ ጎኗን ይዛ ስትራመድ አይቶ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሏታል። «ደረጃ አዳልጦኝ» አለችው። እሱ ምን አደረገ? ማሽኑን ተሸክሞ ሄዶ፣ የምትኖርበትን ሕንፃ ደረጃ ሁለት ቀን ሙሉ እንዳያዳልጥ ላዩን እየጫረ፣ የሠራውን ሰው ሲራገም ሰነበተ። ምንም ያላጠፋ ደረጃ!

ሚስቱ ድምፁ ሲጠፋባት ወጣች፤ በእሱ ቤት ዝምታ ሁልጊዜ ያስፈራል። የተላጠውን ሳይሆን ክቡን ነው ያየችው። አፏን በእጇ ያዘች።

«ታውቂ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ዓመት! አንድ ትራስ ላይ እየተኛን ሁለት ዓመት!» አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«እሷ ናት የነገረችኝ፣ እሷው ትንገርህ። ከእኔ አፍ አትሰማውም። ስልኩንም አስቀምጠው፤ መስክ ላይ ያለች ልጅ እንዲህ ሆነህ አታናግራትም» አለችና ስልኩን ከእጁ ወሰደች። ደሙ ፈላ፤ ግን ትክክል ነበረች።

ያቺን ቀን ግቢውን ሲዞር ዋለ። ሐሙስ በማለዳ ከባዱን ማሽን ይዞ ወደ መሸጫዋ ሄደ። ሴትየዋ ፊቱን አየችና «የት ላይ?» ብቻ አለች። «በር» አለ። ነግሬዎት ነበር አላለችም፤ ሞተሩ በዚህ ብቻ ዕድሜ ልኩን ሲያመሰግናት ይኖራል። የሚወዛወዘውን ማሽን ሰጠችው።

ቀሪውን የመኪና አካል በእሱ ሠራ፤ ሥራው አስፈልጎት ሳይሆን እጁን የሚያደርግበት ስላጣ ነው። ማሽኑ ቀስ ይላል። ግጭቱን ባሰበ ቁጥር ክንዱ ሳይታወቀው ይጫናል፤ ያኔ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ቀለል ሲያደርገው ይዞራል። የምን መኪና ነው የመታት? ማን አወጣት? ማሽኑ ይቆማል። ቀለል ያደርገዋል። ጣሪያውን ብቻ ሲጨርስ ግማሽ ቀን ሄደ። የሾፌሩን በር አልነካም፤ ጠመኔውንም አላጠፋም።

አርብ ከሰዓት ልጁ አቧራዋን እንደለበሰች የግቢውን በር ከፍታ ገባች። ሰላም ልትለው እጇን ዘርግታ ሳለ መኪናዋን አየች። ተላጠ፣ ቃሌን በላሁ፣ አስቀባዋለሁ ለማለት ሁለት ቀን የተዘጋጀበት ንግግር ሁሉ አፉ ላይ ተበተነ።

ልጅቷ ቦርሳዋን መሬት አኑራ ክቡን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ መስኮቱ ሥር የነበረውን ጠመኔ አነሳች። ቀያሽ አይደለች እንዴ? የእሱን መስመር ከፊት በኩል ሰበረችና አንድ ስንዝር ያህል አስፍታ መልሳ ገጠመችው።

«እስከዚህ ነው አባዬ። ማጠፊያውም ተነቅሎ ነበር።»

«ምንድን ነው የመታሽ?»

«የጭነት መኪና። ፍሬን እምቢ ብሎት መስቀለኛ መንገዱ ላይ ገባብኝ። ሦስት የጎን አጥንት።» የሰው ታሪክ የምታወራ ያህል ነበር አነጋገሯ።

«ለምን? ለምንድን ነው ለእኔ ያልተነገረኝ?» ጮኸ፤ መጮኹን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለምን፣ የኔ እናት?»

ልጅቷ ጠመኔውን ጣቷ ላይ አሽከረከረችው።

«ሐኪም ቤት ማንን እንጥራልሽ አሉኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት አንተን ነው፤ እውነቴን ነው። ቁጥርህን ግማሽ ድረስ ነግሬያቸው ነበር። ከዚያ ሳስበው፣ አንተ ከመጣህ እኔን ትተው አንተን ሊያረጋጉ ነው። ከዘበኛው ትጣላለህ፣ ዶክተሩ ላይ ትጮኻለህ፣ አልጋውን ልጠግን ትላለህ። አልቻልኩም አባዬ፤ በዚያ ሰዓት አንተን መሸከም አልቻልኩም። የእማዬን ሰጠኋቸው።»

የሚመልሰው ነገር አልጠፋም፤ ሞልቶታል። አንዱም ግን እውነት አልነበረም። የሚጣላውን ዘበኛ፣ የሚጮኽበትን ዶክተር፣ የሚፈታውን የአልጋ ብሎን ሳይቀር በዓይኑ አየው።

«እናትሽስ ስትመጣ ምን አደረገች?»

«ምንም። እግሬን ይዛ ተቀመጠች።»

ሞተሩ እጆቹን ተመለከተ፤ በቅባቱ ነጥተዋል።

«እግርማ እኔም መያዝ እችላለሁ» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው፤ ግን ቆይታ ነው ያለችው።