ለጀርመን አለቃ የተላከ ሽምግልና

እዚህ ጀርመን፣ ዚንድሊንገን ያለው የቀለም ፋብሪካችን ወደ ሕንድ ሊሄድ ነው የተባለ ዕለት፣ አለቃችን ግድግዳው ላይ ፎቶ እያበራ ሲሰብከን ዋለ። ቪሻካፓትናም የምትባል የወደብ ከተማ ናት። መርከብ ይሠሩባታል፣ ብረት ያቀልጡባታል፣ ነዳጅ ያጣሩባታል፣ መድኃኒት ይቀምሙባታል፣ ሽሪምፕ ለዓለም ይልኩባታል። ስሟን ሲጠራ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ግን ምራቁን እየረጨ ሲያሞግሳት እሱ የወለዳት ይመስላል። ፎቶው ላይ ላቡን የሚጠርግ አንድ ሠራተኛ የለም፤ ክሬንና ሰማያዊ ባሕር ብቻ። ዕድሜዬን ኬሚካል ሲሸተኝ የኖርኩትን ሰውዬ በባሕር ሊያባብለኝ! መጨረሻ ላይ፣ ጥቂቶቻችን ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረን እዚሁ እንደምንቀር፣ እነማን እንደሆንን በወሩ መጨረሻ እንደሚነግረን ጣል አድርጎ ወጣ።

ከጥቂቶቹ መሆን ነበረብኝ። ጡረታዬ ገና ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?

ባለቤቴ ነገሩን ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ዘረገፈችው። ከቅዳሴ በኋላ ሦስት አዛውንቶች ከበቡኝ። ሦስቱም በተማሪነት መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ኖርድኤንድ የሚባል ሰፈር ካፌ ተቀምጠው መንግሥት ሲገለብጡ የሚውሉ ናቸው። አለቃህ ዘንድ ሽማግሌ ሆነን እንሂድ አሉ። ሳቄ መጣ።

"ጋሼ፣ ጀርመን እኮ ነው። እባክዎ ይተዉት" አልኳቸው ትልቁን።

"ሽበት የማያከብር ሰው የት አገር አለ? አንተ ዝም በል!" ብለው ኩም አደረጉኝ።

ቴርሚን የሚባለውን ቀጠሮ ሦስቱ ራሳቸው ያዙ። ከረባት አስረው፣ በላዩ ነጠላ ደርበው ሄዱ። ሲመለሱ ደስታቸው! "ውሃ አቀረበልን፣ ፎቶውን አሳየን፣ ጨዋ ሰው ነው።" አንደኛው ጭራሽ "ሕንዶች እኮ ሒሳብ ያስተማሩን ናቸው፤ ቢያልፍላቸው ምን አለበት?" አሉ። አይ ቸርነት! በእኔ እንጀራ።

"ስለ እኔስ ምን አላችሁት?"

"ደንቡን ነዋ! ልጃችን አጥፍቶም ከሆነ ስለ ሽበታችን ይቅር በለው አልነው። ተነስተን ቆመን ለመንነው።"

ክው አልኩ።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። "ሦስት ሰዎች ለጥፋትህ ይቅርታ ጠየቁኝ። ምንድን ነው ያጠፋኸው?" ምንም አላጠፋሁም አልኩት። በእኛ ዘንድ ላላጠፋም ይቅርታ ይጠየቅለታል ብዬ ባስረዳው፣ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። ረግጧት የማያውቃትን ከተማ ሲያመልክ የከረመ ሰው፣ ፊቱ የቆምኩትን እኔን ማመን አቃተው! ከዚያን ቀን ጀምሮ የሞላሁትን በርሜል ሁሉ ሌላ ሰው እየተከተለ ይመረምር ጀመር።

ወሩ አልቆ የሚቀሩት ሰዎች ስም ተነገረ። እኔ የለሁበትም።

በዚያው ምሽት ትልቁ ሽማግሌ ደወሉ። ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በል እስቲ፣ ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ" አሉ። "ምን አጥፍተህ ነበር?"