የቡቺ ፋሲካ

ቀይ ሽንኩርት ድስት ውስጥ ሲቁላላ የሚያወጣው ሽታ ለሌላው ሰው የበዓል ሽታ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ሲሸተኝ ከማዕድ ቤት ወጣሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያደግሁት አሰላ ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ወላጆቼ ከከምባታ መጥተው ነው ሱቅ የከፈቱት። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ሱቁንም እኛንም ይዛ የቀረችው እናቴ ናት። ታላቅ ወንድሜ ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረው፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተኛ። ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ዕለት፣ የጭላሎ ተራራ ጭጋግ ገና ሳይገፈፍ፣ ባጃጁ በር ላይ እየተንደቀደቀ፣ ጉንጬን ሳመኝና ወደ እናቴ ዞረ። «እማዬ፣ ቡቺን አደራ» አላት። ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የውሻውን ነገር ብቻ።

እናቴ ለወትሮው ውሻ አትወድም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቡቺ የቤቱ ጌታ ሆነ። «አደራ በላ ከመባል ሞት ይሻለኛል» ትል ነበር፣ ከእኛ በፊት ለሱ እያቀረበች።

ሁዳዴ ሲገባ ቡቺም አብሮን ጾመ። ምን ያድርግ፣ ቤት ያለው ሽሮና ምስር ነው። አጥር የምንጋራት ሙስሊም ጎረቤታችን «ኧረ ያ ረቢ! ውሻሽንም ልታቆርቢው ነው?» እያለች ትስቅባት ነበር። እናቴም አብራ ትስቅና የቡቺን ጎን እየዳበሰች «ከሳብኝ እኮ። ቆይ ፋሲካ ይምጣ፣ እክስሃለሁ» ትለዋለች።

ፋሲካ መጣ። ዶሮ ወጡ ሲሠራ ሽንኩርቱ ብቻ አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ ነበር። ከቅዳሴ መልስ እኛ ገና ሳንቀመጥ ለቡቺ ተፈተፈተለት። የዶሮ አጥንት የውሻ ጉሮሮ ላይ እንደሚሰነቀር እናቴ ሰምታ ነበርና አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀመችለት። «ኃይል ያለው ቁሌቱ ላይ ነው» ብላ ደግሞ ከድስቱ ሥር ወፍራም ወፍራሙን ጨለፈችለት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነበር። ቡቺ ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ ይልሳል፤ እሷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ደስታዋን ብታዩ!

በሳምንቱ መጨረሻ ቡቺ መቆም አቃተው። ድዱ ነጣ፣ ሽንቱ ቀይ ሆነ። እናቴ «ብርድ መትቶት ነው» አለች። እኛ ቤት ነጭ ሽንኩርት የማያድነው በሽታ አልነበረም፤ ለጉንፋኑም ለቁርጠቱም እሱ ነው። በሙቀጫ ወቅጣ፣ በማር ለውሳ፣ አፉን ከፍታ ታጎርሰው ጀመር። የኔ ምስኪን፣ ጣቷን እንኳ አልነከሳትም፤ ይውጥላታል። ለሃይማኖቷ ስትል ውሻ የማትነካው ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «አላህ ያሽረው» ትላት ነበር። የሙቀጫው ድምፅ ጠዋትም ማታም ይሰማል። አንድ ቀን አልተሰማም።

እናቴ «ልጄን ምን ልበለው?» እያለች ለሰው እንደሚለቀስ አለቀሰች። ደውላ ሕመሙንና ሞቱን ስትነግረው ወንድሜ «በቃ እማዬ፣ አታልቅሺ» አላት። ከዚያ ወዲህ የቡቺን ስም አላነሳም።

ዘንድሮ ልጄ ቡችላ ይዛ መጣች። ለክትባት ወስደነው ሳለ ምን እንደምናበላው የእንስሳት ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ሽንኩርት እንዳትሞክሩ» አለ። «ቀዩም ነጩም፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ደም ያበላሻል። ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይቀላል።» ቡችላውን እንዳቀፍኩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

እዚያው ደጅ ሆኜ ለወንድሜ ደውዬ ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እዚህ ተከራይቼ የምኖርበት ቤት ውሻ ነበራቸው። ወጥ ልሰጠው ስል ‹ሽንኩርት አለበት፣ ይገድለዋል› ብለው ጮኹብኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ለእማዬ ስሙን የማላነሳባትም ለዚህ ነው፤ ካነሳሁ እንዴት እንደሞተ ታወራኛለች፣ እኔ ደግሞ መዋሸት አልችልበትም። ሳትሰማ ትኑር፣ እባክሽ።»

ማታ እናቴ ጋ ገባሁ። አርጅታለች፣ እግሯን ያማታል።

«ወንድምሽን አገኘሽው?»

«አገኘሁት። ሰላም ብሎሻል።»

«ስለ ውሻው ምንም አላለም?»

«አላለም።»

«አይልም» አለች፣ ሻሿን እያስተካከለች። «ስንት ዓመቱ! ‹ምን አበላሽው?› ብሎ ቢጠይቀኝ እኮ ከራሴ አፍ ነጥቄ እንዳበላሁት እነግረው ነበር። ተቀይሞኛል፣ ልጄ። አደራዬን በላች ብሎ ተቀይሞኛል።»

«አልተቀየመሽም እማዬ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «በምን አወቅሽ?»