ፓራሹቱ ተከፍቷል የሚለው ሪፖርት

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ አቃቂ። ከሃይላንድ የሠራናት የውሃ ሮኬት ከኮሌጁ አጥር ማዶ ካለው ባዶ ቦታ ተተኮሰች፤ አጠገቡ ባለ የጎሚስታ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወደቀች። ፓራሹቱ አልተከፈተም።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ገላን አካባቢ ጎማ ሳስጠግን ያየሁት ነጭ ዱቄት ነው። የገላኑ ጎሚስታ እንዳይጣበቅ ብሎ በውስጠኛው ጎማ ላይ ነሰነሰው። ሙጫውና የጋለው ላስቲክ ሸተተኝ፣ ኮምፕረሰሩ እፍፍ አለ፣ እኔም የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሆንኩ።

መምህራችን ከጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ጡረታ ወጥተው ወደ ማስተማር የመጡ ሰው ነበሩ። ቀመር ከማስተማራቸው በፊት ሮኬት ያሠሩናል። "መጀመሪያ ይውደቅባችሁ፤ ለምን እንደወደቀ ከዚያ እንማራለን" ይሉ ነበር። ማርኩ የቡድን ነው፤ ፓራሹቱ ካልተከፈተ ግማሹ ይቀራል። አምስት ነበርን። መሪያችን በውጤት ከሁላችን የምትበልጥ ልጅ ስትሆን መካኒካል ለመግባት የቀራት ይኸው ማርክ ነበር። የአባቷ እርሻ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወዲህ አባቷ ጥበቃ ናቸው። "መካኒካል ካልገባሁ ቤት አልገባም" ትላለች። የምትቀልድ አትመስልም ነበር።

ሮኬቷስ ትሁን፤ የጉድ ጉድ ሪፖርቱ ነበር። እንደ ልማዳችን ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ተቀብለን ዓርብ ዕለት ገልብጠነዋል። ከፍታው፣ ሰከንዱ፣ ምኑም አልቀረም። መምህሩ ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት፦

"ፓራሹቱ ተከፍቶ ሮኬቷ በሰላም አረፈች።"

ጎሚስታው ሮኬቷን ከጣሪያው አውርዶ ይዞ እየመጣ ነበር።

"በሰላም? ጣሪያዬን ጠይቁት እንጂ ቲቸር!"

ሁሉም ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም።

"ይቺ ወረቀት መቼ ተጻፈች?"

"ትናንት፣ ቲቸር" አለች መሪያችን።

"ሮኬቷስ መቼ ተተኮሰች?"

መሪያችን ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

"እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ። ወይ ሮኬቷ ወረቀቱን ትምሰል፣ ወይ ወረቀቱ ሮኬቷን።"

የጠዋቷን ጨምሮ ስድስት ጊዜ ተኮስን። ውሃ ሞላን፣ በቡሽ ደፈንን፣ በብስክሌት ፓምፕ በየተራ ነፋን። ስትነሣ ውሃዋ ፊታችን ላይ ይረጫል፤ ጫማችን ጭቃ ሆነ። ፓራሹታችን ቢጫ ፌስታል ነበር፤ በረጠበ ቁጥር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሮኬቷም እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። አራተኛውን አንዱ ጓደኛችን ክሩን ማሰር ረስቶ አባከነው። ሌላው "ምሳ በልተን ብንመለስስ?" አለ፤ መሪያችን በፓምፑ ልትለው ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ወረቀቱ እኔ እጅ ነበር። "ተከፍቶ" የሚለውን ሰረዝኩና "ስድስት ጊዜ ተሞከረ፤ አልተከፈተም" ብዬ ጻፍኩ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለች መሪያችን።

"ያየሁትን እየጻፍኩ።"

"አንተ ምን አለብህ! የትም ትገባለህ!"

መምህሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ይሄ ሪፖርት ነው" ብለው ወደ ሚኒባስ መጠበቂያው ሄዱ።

ግማሽ ማርክ ተሰጠን። መካኒካል አልደረሳትም። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። እኔም ኢንጂነሪንጉን ትቼ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ዛሬ አርታኢ ነኝ፤ ጀማሪው ሪፖርተራችን ነገ የሚመረቀውን ድልድይ "በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ" ብሎ ጽፎ ያመጣልኛል።

"ነገ ዝናብ ጥሎ ቢቀርስ?" እለዋለሁ።

"ያው ነው እኮ ጋሼ!"

ያው አይደለም። ስንት ጊዜ ልንገረው?

ወደዚያ ሪፖርት ያልገባ አንድ ነገር አለ። ያን ቅዳሜ ሌሎቹ ሲበተኑ መሪያችን አልሄደችም። ጎሚስታው የዱቄት ጣሳውን ይዞ መጣ።

"እህቴ፣ ጎማም እርጥቡን ካጠፍሽው ይጣበቃል። መጀመሪያ አድርቂው" አላት።

ፌስታሉን በሹራቧ አደረቀችው፤ እሱ ነሰነሰላት፤ አጠፈችው። ብቻዋን ውሃ ሞላች፣ ብቻዋን ነፋች። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር።

ስድስት ሰዓት ከሃያ። ሰባተኛ ሙከራ። ፓራሹቱ ተከፈተ።