ፈለቀች ሊቀመንበሩን የሰደበች ዕለት

ፈለቀችን የማያውቅ የቦሌ ሚካኤል ሰው የለም። ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ቢተውን ጠላ እየሸጠች ነው ያሳደገችው። ስትስቅ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። እኔ ደግሞ ሳቅ የሚያበዛ ሰው ያናድደኛል፣ ምን ላድርግ።

በሰባ ዘጠኝ የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቢተው ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። ከመሰሎቹ ጋር ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ዘጉበት። ዘንድሮስ በዓል የሚባል ነገር የለም ብዬ ቁጭ አልኩ። እሷ እቴ! ጌሾዋን ወቀጠች፣ ዶሮዋን ገዛች።

«ልጅሽ ተዘግቶበት ምን የዶሮ ግርግር ነው?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ማሚቱ፣ ጌታ የሚወለደው የኔን ልጅ መፈታት ጠብቆ ነው እንዴ?» አለችኝና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

በገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ገና ሊጫወቱ ወጡ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገብረአምላክም ካኪ ኮቱን አውልቆ፣ ዱላ ይዞ ገባ። ልጅ ሳለ ጎበዝ ተጫዋች ነበር አሉ፤ አሁን ግን ሆዱ ቀድሞት ነው የሚሮጠው። ሩሯ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ፣ እግሩ ሥር ድረስ መጣችለት። ዱላውን ሰነዘረ፤ ሳታት። በዚያው የእሱ ወገን ተሸነፈ።

የገና ወግ ይታወቃል። ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ የተሰደበው ጌታም ቢሆን አይቆጣም። ግን በዚያ ዘመን ሊቀመንበር የሚሰድብ ማን አለ? ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ፈለቀች ነጠላዋን አገልድማ መሃል ገባች፦

ሩሯ አመለጠችው ከእግሩ ሥር እያለች፣
ጎረምሳ ሲይዝ ግን እጁ መች ስታለች።

ቀሚሷን ይዤ ብጎትታት አልነቃነቅ አለች። የሰውየው ፊት ጠቆረ። አብረውት የተሸነፉት አዛውንት አባ ገብረየስ ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ «ገና ነው እኮ፣ ልጄ» አሉት። እሱም መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ሳቁ አመለጠው። ከዚያማ ማን ይቻለን፣ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

«እትዬ ፈለቀች፣ ሰደቡኝ። እንግዲህ ምን ይፈልጋሉ?»

«ልጄ በዓሉን ቤቴ ይዋልልኝ።»

«እስከ ጥምቀት ይሁን። ዋሱ ግን እርስዎ ነዎት፤ ሚካኤል በገባ ማግስት ካልመጣ በእሱ ቦታ እርስዎ ይታሰራሉ።»

ምን አለፋችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቤቷ ሠርግ ቤት ሆነ። የመጣው ይበላል፣ ይጠጣል፤ እሷ ትቀልዳለች። እኔ ግን አላስችል አለኝ። በአጥሩ ላይ ጠርቼ፣ «ገጠር አጎቱ ዘንድ ስደጂው እንጂ፣ ምን ያስቅሻል?» አልኳት።

«ብዬዋለሁ። እኔ ልታሰር፣ አንተ ሂድ ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ነበር። እናቴን አሳስሬ የት እገባለሁ ብሎ እምቢ አለኝ።» ወደ ቤቷ ዞር ብላ አየች። «ለቅሶው የትም አይሄድብኝም፣ ማሚቱ። ልጄ ግን ይሄዳል።»

በጥምቀት ቢተው ከታቦቱ ፊት ሲጨፍር ዋለ። እሷም ነጠላዋ እስኪወድቅ እልል አለች። እኔም፣ አይደበቅም፣ ጨፈርኩ።

ታቦቱ በገባ ማግስት ሦስታችን ቀበሌ ሄድን። ልጆቹ የጭነት መኪና ላይ ወጥተው ተኮራምተዋል። ፈለቀች ድፎዋን ቆርሳ እያደለች አንዱን በአፍንጫው፣ ሌላውን በባርኔጣው ስትተርባቸው ተንከተከቱ። ቢተውም እየሳቀ ነው የሄደው። መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ እጇን አላወረደችም።

ከዚያ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ማሚቱ፣ ተቆጪኝ እስቲ» አለችኝ፤ «ያለዚያ እዚሁ መወደቄ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። ቁጣውን ከየት ላምጣው? አቅፌያት መንገዱ መሃል እንደቆምን ቀረን።