ማናለብሽ ያፈረሰችው ማረፊያ

ከጥርባ ተነስቶ በእግሩ ወደ ጥሊሊ የሚሻገር ሰው እኩለ ቀን ላይ ከኬላው አፋፍ ይደርሳል። እዚያ ዛፍ የሚባል የለም። የጓሳ ሳርና የአስታ ቁጥቋጦ የለበሰ፣ ሲረግጡት ውኃ የሚተፋ ሜዳ ነው። ድሮ የሁለት ገዥዎች ወሰን ስለነበረ ነጋዴ ሁሉ ጭነቱን አውርዶ ቀረጥ የሚከፍለው እዚያ ነበር ይባላል፤ የኬላው ካብ ዛሬም የሰው ወገብ ያህል ቆሟል። ጉሙ ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አያይም፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ ራስን ከማቀፍ በቀር መጠጊያ አልነበረም። ይህ እንግዲህ ማናለብሽ ማረፊያውን ሳትሠራ በፊት ነው።

ማናለብሽ የቀርከሃ ቤት ሠሪ ናት። ሙያው የባሏ የአቶ ደረሰ ነበር። እሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲያስር እሷ ታች ሆና ትሰነጥቅለት፣ ታቀብለው ነበር። ደረሰ ወገቡን ሲታመም እሱ ታች ቀረና እሷ ወጣች። ከሞተ በኋላ ዘመዶቿ፣ «በቃሽ፣ ተቀምጠሽ ወንበርና ቅርጫት ሥሪ፣ ለሴት የሚሆነው እሱ ነው» አሏት። እሷም ወንበር ሠራች፤ ወንበሩ ላይ ቆማም የጎረቤቷን ጣሪያ አሰረች። በዚያ አካባቢ ጣሪያ ላይ የምትወጣ ሴት ከእሷ ሌላ አልነበረችም።

እንጅባራ ያሉ ወጣቶች የእግር ተጓዦች ማኅበር አቋቁመው በዚያ መንገድ ላይ ሦስት ማረፊያ ለማሠራት ሲነሱ፣ ከጫካው ጥግና ከወንዙ ዳር ያሉትን ሁለቱን ወንዶቹ ወሰዱ። የኬላውን አፋፍ ግን ማንም አልፈለገውም። በስብሰባው ላይ እጇን ያወጣችው ማናለብሽ ብቻ ነበረች።

«እዚያ ላይ ነፋሱ አንቺንም ከነጣሪያሽ አንስቶ ጥሊሊ ገበያ ያወርድሻል» አላት አያ ቢሻው፣ የሳር ክዳን የሚሠራው ሽማግሌ።

«ደግ ነው አያ ቢሻው፣ ሚኒባስ መጋፋት ይቀርልኛል።»

ሰው ሳቀ። የማኅበሩ ጸሐፊ ምህረቴ ግን ስሟን ጻፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማናለብሽ ነገሩ ተራ ሥራ አልነበረም። ያ ቤት ከቆመ ከእንግዲህ ማንም ወንበር ሥሪ አይላትም። ከወደቀ ግን እሷም ሆነች ከእሷ በኋላ የምትመጣ ሌላ ሴት መሰላል አትረግጥም።

ቀርከሃ ወግ አለው። የዘንድሮው ቡቃያ አይነካም። ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ቅርፊቱን ጥሎ፣ ገላው ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ያወጣው ነው የሚቆረጠው። እሱም ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ጨረቃ ስትጎድል ነው። ጨረቃ ሞልታ ሳለ የተቆረጠ ቀርከሃ ይጣፍጣል፣ ነቀዝ ይወደዋል ይላሉ። ማናለብሽ ይህን ለሰው ሁሉ ስትናገር ነው ያረጀችው። አንድ ጊዜ እንዲያውም በሰርግ ላይ፣ ያለ ጊዜው በተቆረጠ ቀርከሃ ጎጆ የሠራን ሙሽራ፣ «ሚስትህን ትንሽ ቆይተህ አግባት፣ ቤትህ መጀመሪያ ይወድቃል» ብላው ሰርገኛውን አስቃለች።

ታኅሣሥ ላይ ምህረቴ በባጃጅ መጣ። በጥር ወር ለሚከበረው የፈረስ በዓል ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች በዚያ መንገድ ሊሄዱ ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ማረፊያዎች ክዳን ብቻ ነው የቀራቸው አላት።

«የእርስዎ ባይደርስም አይቀየሙንም፣ እማ ማናለብሽ። ቦታው ከባድ ነው፣ እናውቃለን።»

ይህችን «እናውቃለን» ነው ያልቻለቻት። በዚያው ሳምንት መጥረቢያዋን ይዛ ቀርከሃው ውስጥ ገባች። ማታ ማታ ጨረቃዋ ክብ ሆና ትወጣ ነበር፤ ማናለብሽ አላየሁም አላለችም፣ አይታ ቆረጠች። የበሰለውን መርጫለሁ፣ ምሰሶው ጥድ ነው፣ እያለች ራሷን አጽናናች።

ቤቱ በሰዓቱ ደረሰ። ክብ ሆኖ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ ግድግዳው ሁለት ድርብ ተጠልፎ፣ ዙሪያውን መቀመጫ ተሠርቶለት። ክዳኑን አያ ቢሻው በጓሳ ከደነው። እንግዶቹ መጡ፣ ቡትስ ጫማቸውን አውልቀው ካልሲያቸውን ጨመቁ፣ ከሦስቱ ማረፊያዎች ይሄኛው ይበልጣል አሉ። ፎቶ አነሷት። ማናለብሽም ጥሊሊ ገበያ ስትወርድ በመንገዱ መሀል መሄድ ጀመረች።

መጋቢት ላይ ማረፊያውን ልትጠርግ ወጥታ መቀመጫው ላይ ዱቄት የመሰለ ብናኝ አየች። በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው። ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረመች።

ጠረገችው። በማግስቱም ወጥታ ጠረገች። አሥር ቀን ያህል ሰው ሳይደርስ እየቀደመች ጠረገች። የተማሪ ቡድን ገብቶ ሲቀመጥ እሷ በር ላይ ቆማ ጣሪያውን ከተሸከሙት የቀርከሃ ወራጆች ላይ ዓይኗን አትነቅልም ነበር። «አይቀመጡም?» ሲሏት፣ «ቆሜ ይሻለኛል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ወራጅ ሲሰነጠቅ ከሰማች ጮኻ ልታስወጣቸው ነው፣ ካልደረሰችም እሷም ላይ ይውደቅ ብላ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ አያ ቢሻው ቤት ሄደች። ሽማግሌው ገመድ ይገምድ ነበር።

«ነቅዟል» አለችው።

«ምኑ?»

«የኬላው። ወራጁ ሁሉ። ጨረቃ ሞልታ ሳለ ነው የቆረጥኩት።»

አያ ቢሻው ገመዱን አስቀመጠ። ብዙ ሊስቅባት የሚችል ሰው ነበር፤ ያን ዕለት አልሳቀም። «ማን ያውቃል?» አላት።

«እርስዎ።»

«እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ፣ እረሳለሁ። ሁለት ክረምት ይቆይልሻል። ያን ጊዜ ነፋሱ ነው ይባላል። እዚያ አፋፍ ላይ ምን ይቆማል ቢባል ማን ይፈርዳል?»

«በረዶ ሲጥል እኮ ነው ሰው የሚገባበት። በረዶው የሚከብደውም ያን ጊዜ ነው።»

«ካፈረስሽው ሴት ሠርታው ፈረሰ ይላሉ።»

«ይበሉ። ሴት ሠርታው ሰው ገደለ ከሚሉ።»

«እንግዲህ ሳሩን በጥንቃቄ አውርጂልኝ» አላት ገመዱን መልሶ እያነሳ። «የእኔ ጓሳ አልነቀዘም።»

ምህረቴ ሲሰማ ደነገጠ። ዝም ብለን «ለእድሳት ተዘግቷል» ብለን እንለጥፍ፣ ምክንያቱን ማን ይጠይቃል አላት።

«እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ» አለችው። እሷ ቃል በቃል ነገረችው፣ እሱ እያቅማማ በሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ ‹ይህ ማረፊያ ቀርከሃው ያለ ጊዜው ስለተቆረጠ በሠሪዋ በማናለብሽ ፈርሶ እንደገና እየተሠራ ነው።›

«እማ ማናለብሽ፣ ስምዎን እንኳ ልተወው?»

«ስሜማ ዋናው ነው። ሌላ ሰው ይታማልኝ?»

ሳሩን በነዶ በነዶ እያሰሩ አወረዱት። ወራጆቹን እሷ ራሷ ጣሪያ ላይ ወጥታ ፈታቻቸው። አንዳንዱ እጇ ላይ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። የጫካውን ጥግ ማረፊያ የሠሩት ሁለት ወንድማማቾች በዚያ ሲያልፉ ቆመው አዩ። ትልቁ፣ ሀብቱ፣ ሊያሾፍ አፉን ሲከፍት አንዱ የተሰበረ ወራጅ እግሩ ሥር ወደቀ። አነሳው። ውስጡ ወንፊት ሆኗል።

«ከውጭ ሲያዩት ደህና ነበር» አለ።

«ደህና ነበር» አለች ማናለብሽ ከላይ። «አንተ የእናንተን መቼ ነው የቆረጥከው?»

ሀብቱ ወንድሙን አየው። ወንድሙ ሰማዩን አየ።

በሚቀጥለው ጎዶሎ ጨረቃ ማናለብሽ እንደገና ቀርከሃው ውስጥ ገባች። የቆረጠችውን አቁማ አደረቀችው፤ አልቸኮለችም። ምህረቴ ሁለት ጊዜ መጥቶ «ክረምት ገባ» አላት፣ ሁለት ጊዜ «ገና ነው» ብላ መለሰችው። ወራጁ በሚወጣበት ቀን ሳትጠራቸው ሀብቱና ወንድሙ መጡ። እሷ ከላይ ሆና አሰረች፣ እነሱ ታች ሆነው አቀበሉ። ከሟች ባሏ ሌላ በዚያ አገር ወንድ ለሴት ወራጅ ሲያቀብል ያን ቀን ታየ። አያ ቢሻው ከካቡ ላይ ተቀምጦ፣ «ሀብቱ፣ ፈጠን በል፣ ጌታህ ትቆጣሃለች» እያለ ያሾፍ ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ቤቱ አለቀ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው በረዶ ወረደ። በውስጡ ሃያ ሁለት ሰው ነበር፤ የጥሊሊ ገበያተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዲት አራስ ከነልጇ። ማናለብሽ ከመሀላቸው ተቀምጣ በጣሪያው ላይ የሚንኳኳውን ሰማች። ያን ዕለት አልቆመችም።

ሲያባራ ምህረቴ ሰሌዳውን ሊነቅል መጣ።

«ተወው» አለችው።

«ሥራው አልቋል እኮ። ለእንግዳ አያምርም። በምትኩ የምስጋና ሰሌዳ እናደርግልዎታለን፣ ማኅበሩ ወስኗል።»

«ምስጋናውን ለሌላ ስጡት። እዚያ ላይ ‹እየተሠራ ነው› የሚለውን ‹ተሠርቷል› አድርግና ተወው።»

ምህረቴ ቀለሙን አወጣና አስተካከለው።

ዛሬ ተጓዥ ከአፋፉ ሲደርስ መጀመሪያ ያንን ያነባል። አንዳንዱ ይስቃል፤ ብዙው ግን ከመቀመጡ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ ወራጅ በወራጅ፣ እስከ ጉልላቱ ያያል። ማናለብሽ በሩ ላይ ሆና አትቸኩልባቸውም። አይተው እስኪጨርሱ ትጠብቅና፣ «እንግዲህ እግራችሁን ዘርጉ» ትላቸዋለች።