ወድቆ የሚነሣው ውሻችን

ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ እሳት ዳር ተረት እሰማ ነበር የሚል ሰው ሁሉ ወሬውን ሳይጨርስ ዓይኑ እንባ ያቀራል። የኔ ዓይን አያቀርም። እኔም ፍሙን፣ የኩበቱን ጭስ፣ ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘውን ጥላ ሁሉ አስታውሳለሁ፤ የማስታውሰው ግን ከነንዴቴ ነው። ተረት ነጋሪው አባባ ውብነህ ነበሩ፣ የአባቴ አጎት። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ በልቤ ስረግማቸው ኖሬ እንኳ «አንተ» ልላቸው ስል አፌ እምቢ ይለኛል፤ እንዲያ አድርገው ነው ያሳደጉን።

ቤታችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ወደ አሸተን ማርያም ከሚያወጣው መንገድ ሥር ነው። አባቴ ፈረንጆቹን በበቅሎ እያስቀመጠ ተራራውን ስለሚያወጣ፣ ቀን ቀን ቤቱን የሚጠብቁት እናቴና ውሻዋ ነበሩ። የውሻው ስም «ምን አገባህ» ነው። እኛ አገር ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይነገር ነገር በውሻ ስም ይነገራል። አባባ ውብነህ እናቴ ገና ሙሽራ ሆና ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በወጧ ጨው፣ በፀጉሯ አሠራር፣ እኔን ትምህርት ቤት በመላኳ ሁሉ እየገቡ ስላስመረሯት፣ ስሙን አስባበት ነው ያወጣችው። ማታ በር ላይ ቆማ «ምን አገባህ! ና ወዲህ!» ስትል ድምጿን ከፍ የምታደርገው፣ ከካቡ ወዲያ የሚኖሩት ሰውዬም እንዲደርሳቸው ነበር። ደርሷቸዋልም።

ውሻው ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀው አንድ ምሽት ምድጃ ዳር ተኝቶ ሳለ ነው። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፤ እግሮቹ እንደ እንጨት ደረቁ፤ ከዚያ መላ አካላቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አፉ አረፋ ደፈቀ። እናቴ ወደ ፍሙ እንዳይንከባለል በነጠላዋ ጎትታ አራቀችው። ሲለቀው ተነሥቶ ግድግዳውን እየተጋጨ ዞረ፤ ለተወሰነ ጊዜ እኛን እንኳ አላወቀንም። እኔ ሞቶ የተነሣ ነበር የመሰለኝ።

ኋላ የአባቴን በቅሎዎች ሊከትብ የመጣው የእንስሳት ሐኪም አየውና፣ «ሰውን የሚጥለው በሽታ ውሻንም ይጥላል። እብደት አይደለም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም» አለን። ጠዋትና ማታ ሳይዘለል የሚሰጥ እንክብል አዘዘለት። ሲወድቅ ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ መብራቱን ቀንሱለት፣ አፉ አካባቢ እጃችሁን አትስደዱ፣ እስኪያውቃችሁ ድረስ ተዉት አለ። እንክብሉን በሊጥ ጠቅልዬ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። በሽታው ጨርሶ አልተወውም፤ ግን እየተራራቀ ሄደ።

አባባ ውብነህ ያኔ ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ተረት ያወሩ ነበር። «ተረት ተረት» ይላሉ፤ «የላም በረት» እንላለን። ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ፤ ሌላ ቤት ይህ ለወጉ የሚባል ነው፣ እሳቸው ቤት ግን የምር ነበር። እያንዳንዳችን ከቤታችን ቁራሽ ዳቦ ይዘን እንሄዳለን፤ ተረቱ ሲያልቅ ከፊታቸው ካለው ሰፌድ ላይ እናስቀምጣለን። ጥሩ ተረት ነጋሪ ነበሩ፤ ይህን ብክድ ውሸታም እኔ እሆናለሁ። ጅቡን ሲያወሩ ወገባቸው ዝቅ፣ ትከሻቸው ከፍ ይልና በጭሱ ውስጥ ዓይናቸው ራሱ የጅብ ይሆናል።

ውሻችን መውደቁን ከሰሙ በኋላ አዲስ ተረት አመጡ። «አንድ ውሻ ነበር» አሉ፣ እኔን እኔን እያዩ። «ሰው የማያየው መልአከ ሞት በመንገድ ሲያልፍ አየና ጮኸበት። መልአኩም በሰይፉ ጀርባ መታው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይወድቃል፤ አረፋውን የነካም አብሮት ይወድቃል።» ተረቱ በየምሽቱ እየረዘመ ሄደ። አንዱን ምሽት ውሻው ሙሽራ ጣለ፤ በሚቀጥለው በሬ ጣለ። ልጆቹም ጠዋት ሲነሡ ድንጋይ ይዘው በራችን ላይ ይጠብቁታል። ሊጡን ሳጎርሰው ያየችኝ ጓደኛዬ እጄን መንካት ተወች፤ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ለአባቴ ብነግረው «ሽማግሌ ናቸው፤ ደሞ ለተረት!» ብሎ ሳቀ። መሄዱን ለምን አልተውሽም ትሉኝ ይሆናል፤ ነገ ውሻዬን ምን እንደሚያገኘው ቀድሜ የምሰማው እዚያ ስለነበር ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ምን አገባህ ክፉ ቀን ጥሎት እሳቸው ደጅ ላይ ወደቀ። የሚጥል በሽታ የጣለውን ሰው ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማስሸተት የአገራችን ልማድ ነው፤ በሰውም ቢሆን የማይረባ ልማድ ነው። አባባ ውብነህ ልጆቹ ከበው ሲያዩ ጊዜ ኩራት ያዛቸው። «ጋኔኑ በአፍንጫው ሲወጣ ላሳያችሁ» ብለው ክብሪቱን ጫሩና አፍንጫው ሥር ደገኑት። እኔ «አባባ አይንኩት! አባባ!» እያልኩ ስሮጥ፣ ውሻው ገና በቅጡ ሳይነቃ፣ አፍንጫው ሲቃጠል፣ ያገኘውን ነከሰ። ያገኘው እጃቸውን ነበር።

ሰፈሩ ዱላና ድንጋይ ይዞ ወጣ። «አብዷል! በሉት!» የሚለው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ ውሻውን ጎትታ አስገብታ በሩ ላይ በዘነዘና ቆመች፤ የመጀመሪያውን ሰው ራሱን እንደምትፈነክተው ሁሉም ስላወቀ የቀደመ አልነበረም። ለዚያን ቀን ተረፈ።

ጤና ጣቢያ ቁስላቸውን አጥበው፣ የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ይውሰዱ ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ግን መርፌው ሆድ ላይ ነው የሚወጋው የሚል ወሬ ሰምተው ኖሯል፤ «ሆዴን ተበሳስቼማ አልሞትም» ብለው እምቢ አሉ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ቢያቅተው፣ «እንግዲያውስ ውሻውን እንዳያስገድሉት። ታስሮ ይጠበቅ። ያበደ ከሆነ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል፤ እሱ ከሞተ ለእርስዎም ያሰጋል። ከቆመ ግን እብደት አልነበረም ማለት ነው» አላቸው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼኔ ነው። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ አባባ ውብነህ በራችን ላይ ቆመው «አደረ ወይ?» አሉ። እናቴ ቀና ሳትል «አድሯል» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደጃችን አልጠፉም። አጥንት ቀቅለው መረቁን አብርደው ያመጣሉ። እኔን ጠራ አድርገው «አንቺ ብርቄ፣ እንክብሉን ዋጠ?» ይላሉ። ድንጋይ የያዙትን ልጆች፣ እነዚያኑ ራሳቸው ያስተማሯቸውን፣ በከዘራ እያባረሩ «እናንተ የሰይጣን ቁራጮች፣ ውሻዬን ልትገድሉብኝ ነው?» ይላሉ። ውሻዬን አሉ! እናቴ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ያን ሰሞን ተረት አልነበረም።

አንድ ምሽት መረቁን ልሶ እንደጨረሰ ወደቀ። አባባ ውብነህ «ሞተብኝ! አለቀልኝ!» ብለው ተንበረከኩ፤ እጃቸው ወዲያው ኪሳቸው ውስጥ ወዳለው ክብሪት ሄደ። «ክብሪቱን ያስቀምጡ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ትልቅ ሰው ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነበር። ከራስጌው ያለውን ድንጋይ ያንሡ አልኳቸው፤ አነሡ። የሶላር መብራቱን አጠፋሁና በፍሙ ብርሃን ብቻ ቀረን። ጭንቅላቱ መሬቱን ሲመታ አይተው ጋቢያቸውን አውልቀው ከሥሩ ገፉለት፤ አረፋው ጋቢውን አራሰው። የነካው ይወድቃል ያሉትን አረፋ በጣታቸው ከአፍንጫው ላይ ሲጠርጉለት አየሁ። ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ትንፋሹ ረጋ፣ ተነሥቶ እየተንገዳገደ ዞረና ባዶውን የመረቅ ሳህን አሸተተ። አባባ ውብነህ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አንጀቴ ራሰ፤ ከእንግዲህ እውነቱን ያወራሉ፣ ድንጋዩም ይቀራል ብዬ አመንኩ።

ጊዜው አለፈ፤ ውሻው እንደቆመ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አይቶት ፍቱት አለ። ያን ዕለት ማታ አባባ ውብነህ ልጆቹን አስጠሩ። እኔ ትልቁን ቁራሽ ዳቦ ይዤ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። «ተረት ተረት» አሉ፤ «የላም በረት» ያልኩት በጩኸት ነበር። ተረቱም እንዲህ ሆነ፦ መልአክ የመታው ውሻ አንድን ደግ ሽማግሌ ነከሰ፤ ሽማግሌው አማተቡ፤ ውሻው እግራቸው ሥር ወድቆ ሞተ፤ አጥንቱም እስከ ዛሬ በአሸተን መንገድ ላይ አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ዳቦው ሰፌዱ ላይ ተቆለለ።

ሁሉም እስኪወጡ ጠበቅኩና «አባባ፣ ውሻው እኮ አልሞተም። ጋቢዎን አንጥፈውለት አልነበር እንዴ?» አልኳቸው። ፍሙን በእንጨት እየጫሩ፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ልጄ፣ ውሻው ከዳነማ ተረት አይሆንም» አሉኝ።

ዳቦዬን ከሰፌዱ ላይ አንሥቼ ወጣሁ። ዳግመኛም እዚያ ቤት ለተረት አልገባሁም።

ምን አገባህ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ድንጋዩም አብሮት ኖረ፣ ተረቱ አልቆመማ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ መረቁን የቀመሰበትን ሰው ደጅም መጠበቅ ጀመረ። አንድ ቀን ጀንበር ስትጠልቅ በካቡ ላይ ብመለከት፣ አባባ ውብነህ ልጆቹ የሰጧቸውን ዳቦ እየቆረሱ ያጎርሱታል። በመንገዱ ሰው ብቅ ሲል ከዘራቸውን አንሥተው «ሂድ ከዚህ፣ አንተ ልክፍታም!» አሉት። ውሻው አልተነሣም፤ ከዘራው እንደማያርፍበት ያውቃል። ይህን ለሰው ስናገር «አየሽ፣ ልባቸው ደግ ነበር» የሚሉኝ አሉ። እኔ አልልም። ሳያውቁ ቢሆን ኖሮ ይቅር እላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አረፋውን በእጃቸው ጠርገው ያውቁ ነበር። ደግነታቸው ሰው ሲመጣ የሚደበቅ ደግነት ነው፤ ድንጋዩ ግን በአደባባይ ነበር።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ያኔ አብረውኝ ዳቦ ይዘው ከሚመጡት ልጆች አንዱ አስጎብኚ ሆኗል፤ ፈረንጆቹን ወደ አሸተን ሲያወጣ አንድ ጠርዝ ላይ ቆሞ «ያበደው ውሻ የሞተው እዚህ ነው» እያለ ያስጎበኛል። ምን አገባህ የሞተው በእርጅና፣ እናቴ እግር ሥር ነው።

እኔም ልጅ አለችኝ። መብራት በጠፋ ምሽት ከሰሉን ከበን ስንቀመጥ ተረት ንገሪኝ ትለኛለች። «ተረት ተረት» አልልም፤ ዝም ብዬ እጀምራለሁ።

«አንድ ውሻ ነበረን፤ ይወድቅ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይነሣል።»

«እሺ ከዚያስ?»

«ሌላ ቀን ደግሞ ይወድቃል። እስኪነሣ አጠገቡ እንቀመጣለን።»

ትናደድብኛለች። «ኧረ እማዬ፣ ይሄማ ተረት አይደለም!» ትላለች።

«አዎ፣ የኔ ልጅ» እላታለሁ፤ «አይደለም።»