መድኃኒት ያበላን ማን ነው?

የወጣሁ ምሽት ቤታችን እየነደደ ነበር። አገር ቤት ያላችሁት ታውቁታላችሁ፤ በስደት ላላችሁት ልንገራችሁ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን፣ የአያ ሞላ ልጆች ክዳኑን ለኩሰው፣ የሁለት በሬዎቻችንን ቋንጃ በመጥረቢያ ቆርጠው፣ እኔን በስሜ እየጠሩ ይፎክራሉ። እኔ በቆሎው ውስጥ ተኝቼ በሬዎቹ በጉልበታቸው ለመሄድ ሲፍጨረጨሩ እሰማለሁ። ከቤቱ ይልቅ ዛሬም የሚያንገበግበኝ የእነሱ ድምፅ ነው።

አያ ሞላ ጎረቤታችን ነበሩ። መሬት በተሸጋሸገ ጊዜ አባቴ የደርግ ቀበሌ ሊቀመንበር ነበርና «ቢሮክራሲ»፣ ማለት የወደቀው መንግሥት ሹም፣ ተብሎ ማሳው ተቆርሶ ለእሳቸው ተሰጠ። ብዙ ሳይቆይ አባቴን ደም ያስቀምጠው ጀመር፤ ገና ጎልማሳ ሳለ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። ታላቅ ወንድሜ ስመኘው ተከተለው፤ እሱም ደም፣ እሱም ሆድ። «ሞላ መድኃኒት አብልቷቸው ነው» ተባለ። በስመኘው ለቅሶ ላይ አልቃሿ «ያበላህማ ቆሞ ይሄዳል» ብላ ስታወርድ፣ ታናሼ አንዳርጌ ጠመንጃውን አንሥቶ ወጣ። አያ ሞላን ጤፍ ሲያርሙ አገኛቸው። ጎንበስ እንዳሉ ተኮሰባቸው፤ የነቀሉት አረም ከእጃቸው ሳይወድቅ ሞቱ።

አንዳርጌ አሁን ፍኖተ ሰላም ታስሯል፤ ነፍሰ ገዳዩ የሰላም መንገድ በሚባል ከተማ ተቀምጧል። ደም የሚፈልገው ግን ውጭ የቀረውን ወንድ ነው፤ የቀረሁትም እኔ ነበርኩ።

በመተማ ወጥቼ ሱዳንን አለፍኩ፤ ሊቢያ ውስጥ በሽቦ ተገረፍኩ፤ ባሕሩ ላይ ደላሎቹ አጠገቤ የነበረውን ሰው በእግሩ ይዘው ሲወረውሩት አየሁ። ይህን ሁሉ አልፌ ጀርመን ስደርስ አንድ ሹም «ለምን አገርህን ለቀቅህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ደም አለብኝ» አልሁት።

አስተርጓሚዋ አዲስ አበባ ተወልዳ እዚህ ያደገች ልጅ ናት። እንዴት እንደተረጎመችው እንጃላት፤ ወዲያው ደሜን ቀድተው መረመሩና «ደስ ይበልህ፣ ምንም የለብህም» አሉኝ። ደም የተቃባ ሰው ጤነኛ ተብሎ ሲመረቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወረቀቱን ሳገኝ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ምግቡ ካርቶፍል ነው፣ ማለት ድንች፤ ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች። ዝናቡ እንደኛ ክረምት ጮሆ አይወርድም፣ ሲያለቃቅስ ይውላል። አከራዬ አሮጊት ናቸው፤ በሩን እየደበደቡ «እርስዎ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው የሚያድሩት? ውሃዬን ጨረሱት እኮ!» ይሉኛል። እኛ አባታችንን በምንጠራበት አክብሮት እዚህ ሰው ይሰደብበታል።

እኔ ግን ውሃውን የምጨርሰው ደም ሳጥብ ነበር። እንደ አባቴ፣ እንደ ስመኘው። መጀመሪያ የአያ ሞላ ልጆች ባሕር ተሻግረው ያበሉኝ መስሎኝ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ኋላ ግን ራሴን ጠየቅሁ። እዚህ ከተማ አንድ የማውቀው ጎጃሜ የለም፤ ድንቹንም የምቀቅለው ራሴ ነኝ። ታዲያ ማን አበላኝ?

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ካሜራ በጫፉ ባለ ገመድ ውስጤን አየ፤ ቀዶም እጢ የያዘውን አንጀቴን ቆረጠው። ከዚያ ያችኑ አስተርጓሚ ጠርቶ ጠየቀኝ።

«ከቤተሰብህ በዚህ በሽታ የሞተ አለ?»

«በበሽታ የሞተ የለም። ሁሉም መድኃኒት በልተው ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ያዘዘላቸው ማን ነው?»

«ጎረቤታችን አያ ሞላ።»

«ጎረቤታችሁ ሐኪም ነው?»

«ገበሬ ነበሩ። ወንድሜ ገደላቸው።»

ሐኪሙ አስተርጓሚዋን አየ፤ እሷ በሩን አየች። በእኛ አገር «መድኃኒት አበላው» ማለት «መረዘው» ማለት እንደሆነ እስካስረዳቸው ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ዘመዶቼን ቁጠር አለኝ። ይህንንስ ለእኔ! ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት መቁጠር በልጅነታችን የተማርነው ነው። እየቆጠርኩለት የዘር ሐረጌን በወረቀት ሣለና ደም ያስቀመጣቸውን በጥቁር ቀባ፤ እኔ፣ ስመኘው፣ አባቴ፣ አያቴ፣ የአያቴ እናት።

«እሷ የት ነበረች?»

«ፈረስ ቤት የምትባል ከተማ ኖራ እዚያው ተቀበረች። ወደ ቡሬ የወረደው አያቴ ነው።»

«ሞላ ፈረስ ቤት ነበር?»

አያ ሞላ ያን ጊዜ አልተወለዱም።

በዘር የሚወርድ ነው አለኝ። አንድ ፊደል የተገደፈበት ዳዊት ሲገለበጥ ግድፈቱም አብሮ እንደሚገለበጠው ሁሉ ስሕተቱ ከወላጅ ወደ ልጅ ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረስና ያለመውረስ ዕድሉ እኩል ነው። የወረሰ ሁሉ አይታመምም፤ ቶሎ ቶሎ የሚመረመር ደግሞ ሳይብስበት ይደረስለታል። «እህት አለህ?» አለኝ።

ባንቺአምላክ ጋ ደወልኩ። ሽማግሌ ገብቶ ሁለቱ ቤት ከታረቀ ቆይቷል፤ ሰንበቴም አብረው ይጠጣሉ።

«እታለም፣ ደኅና ነሽ?»

«ምን ደኅንነት አለኝ ወንድምዓለም! እኔንም አበሉኝ። ደም ነው የማየው። ሰንበቴ ላይ የአያ ሞላ ምራት ናት የቀዳችልኝ። ባሌ ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀምጧል።»

«ማንም አላበላሽ! ከአባታችን የወረስነው በሽታ ነው። እኔም ይዞኝ ተቀድጄ ነው የተረፍሁ።»

ባሏ ስልኩን ነጠቃት። «ፈረንጅህ ሞላን ያውቀዋል ወይ?»

«አያውቃቸውም። አባቴን ግን ደሜ ውስጥ አገኘው።»

«አባቴ አበላኝ ትላለህ? በአባትህ ታመካኛለህ?» ብሎ ሰደበኝ። ስልኩ ወደ እሷ ተመለሰ።

«ባሕር ዳር ሂጂ፣ ተመርመሪ። አንዳርጌም ይመርመር። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።»

መድኃኒት ስል «በስመ አብ!» አለች። ከኋላዋ የጠመንጃው ቃታ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ጥይት ያጉርሰው፣ ጥይት ያውጣለት፣ ከዚህ ሆኜ በምን ልወቀው?

«አያ ሞላስ ታዲያ?» አለችኝ።

«አያ ሞላ ምንም አላደረጉንም።»

«ነገ ሰንበቴ ነው» አለች። «ከዚያች ልጅ እጅ ዋንጫውን በምን ዓይኔ አይቼ እቀበላለሁ?»

«ተቀብለሽ ጠጪ» አልኋት። ስልኩ ግን ተቋርጦ ነበር።